ዓባይ ላይ የሚንቀጠቀጥ ሞተር

መዋኘት አልችልም። መካነ ሰላም ውስጥ ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ የኛ አገር ብርድ እንኳን ለመዋኘት ጠዋት ፊት ለመታጠብም አያስመኝም። ነውሩ እኔ የጀልባ ባለቤት መሆኔ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ቅዳሜ ሰው አሳፍሬ ዓባይን ተሻግሬያለሁ፣ የዚያኑ ቀንም ተመልሻለሁ። መዋኘት እንደማልችል የሚያውቁት አብረውኝ የሚሠሩት ሽማግሌ ብቻ ነበሩ። ፈሪ መሆኔን ግን እሳቸውም አያውቁም ነበር፤ ወይም የማያውቁ ይመስለኝ ነበር።

ሥራዬ የነፍጣ ሞተር መጠገን ነው፤ በአብዛኛው የወፍጮ፣ አንዳንዴ የአይሱዙ። ከዓባይ ድልድይ በጣም ወደ ታች ባለ አንድ መሻገሪያ ጎጃም ገበያ የሚሄዱ ሰዎች፣ ክረምቱ አልፎ ውሃው ጎደል ሲል፣ እርስ በርሱ በታሰረ ባዶ ጀሪካን ላይ ተንጠልጥለው ይሻገራሉ። የማይደርስም አለ። ወንዙ ዳር ተወልደው ወንዙ ዳር ያረጁ፣ እኔ «ሼኽዬ» የምላቸው ሰው አንድ ቀን ወፍጮ ቤት ስሠራ መጡና፣ ባሕር ዳር ሐይቁ ላይ ስትሠራ የኖረች አሮጌ የብረት ጀልባ ልትሸጥ እንደሆነ፣ ሞተሯ ግን ታማሚ እንደሆነ ነገሩኝ። «አንተ ሞተሩን ያዝ፣ እኔ ውሃውን እይዛለሁ» አሉ። ሞተር ታሟል ሲባል እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልችልም። ስለ ውሃው ሳላስብ እሺ አልኩ።

ጀልባዋ ስምንት ሜትር ያህል ትሆናለች። ሰማያዊ ቀለሟ ተላልጧል። ሞተሯ እንደ አንዳንዶቹ ከኋላ የተንጠለጠለ ሳይሆን ከሆዷ መሀል፣ የእንጨት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ባለ ሁለት ፒስተን ነው፤ የፋብሪካው ስም የነበረበት ቆርቆሮ ዝጎ አልቋል፣ ስንት ዘመን እንደሠራ የሚያውቅ የለም። በባትሪ አይነሳም፤ እጀታ አስገብተህ በክንድህ ታዞረዋለህ።

ዓባይን ቀጥ ብለህ አትሻገረውም። መጀመሪያ በወሎ በኩል ዳር ዳሩን ሽቅብ ትወጣለህ፣ ከዚያ አፍንጫዋን ወደ ጎጃም ታዞርና ውሃው በሰያፍ እያወረደህ ትሻገራለህ። መውረጃው አጠገብ ስትደርስ ጋዙን ለቀህ ሞተሩን ሚኒሞ ላይ ትተወዋለህ፤ ሚኒሞ የምንለው ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጡት በራሱ ቀስ ብሎ የሚዞርበትን ነው። ዳሩ ሁሉ ድንጋይ ስለሆነ በጋዝ ከገባህ ሆዷ ይቀደዳል። መሪ የያዙት ሼኽዬ ገመድ ይወረውራሉ፣ ዳር የቆሙት ይይዛሉ፣ ሰው ይወርዳል። ገመዱ ሳይያዝ ሞተሩ ከጠፋ ግን ውሃው ይወስድሃል። ከመውረጃው ሁለት መቶ እርምጃ ዝቅ ብሎ ወንዙ በሁለት ቋጥኝ መሀል ተጨናንቆ ይገባል። ያገሩ ሰው ቦታውን «መንጋጋ» ይለዋል።

ሕመሙ የጀመረው በሦስተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ውሃው ገና ድፍርስ ነበር፣ ጉልበቱም አልበረደም። አሥራ ዘጠኝ ሰውና ሰባት ፍየል ጭነን ስንሻገር ሞተሩ ጋዝ ላይ ሳለ ምንም አልነበረውም። መውረጃው ላይ ስንደርስ ጋዙን ለቀቅኩ። ሌላ ጊዜ ድምፁ ዝቅ ይልና አንድ ዓይነት ምት ይዞ ይቀጥላል፤ ያን ቀን አንዴ መታ፣ ዘለለ፣ ሁለት ጊዜ መታ፣ እንደገና ዘለለ። የእንጨቱ ሳጥን መንቀጥቀጥ ጀመረ። የተቀመጥኩበት ጣውላ፣ ከጣውላው በላይ ያለው ጭኔ፣ ጥርሴ ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። ከኋላ ነጭ ጭስ ቡልቅ አለ፣ ከዚያ ሞተሩ ጠፋ።

ሞተር ሲጠፋ የሚመጣውን ነገር የማያውቅ ሰው ዕድለኛ ነው። ድምፁ ሸፍኖት የኖረው የወንዙ ጩኸት በሙሉ ባንድ ጊዜ ጆሮህ ውስጥ ይገባል። ዳር የቆሙት ሰዎች ወደ ላይ የሚሄዱ መሰለኝ፤ የምንሄደው ግን እኛ ነበርን፣ ወደ ታች። ሼኽዬ «ቢስሚላሂ!» ብለው ረዥሙን ሽመል አነሱና ከዳሩ ከወጣ የሾላ ሥር ላይ ደገፉት፣ በደረታቸው ተጭነው ያዙ። እኔ እጀታውን አዞርኩ። እምቢ አለ። አዞርኩ፣ እምቢ አለ። በሦስተኛው ተነሳ። አንዲት ነጋዴ «ምነው ሞተራችሁ፣ ቁርሱን ሳይበላ ነው እንዴ ያመጣችሁት?» አለችና ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ሱሪዬ ቀድሞም በወንዙ ውሃ ርሶ ስለነበር ከዚያ በኋላ ምን እንደተጨመረበት ያወቀ አልነበረም።

ማታ ቤት ስደርስ እህቴ በር ላይ ቆማ ነበር። በአሥራ አራት ዓመት ትበልጠኛለች። እናትና አባታችን ባንድ ዓመት ተከታትለው ሲሞቱ እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። አላገባችም። ሰው በኔ ምክንያት ነው ይላል፣ እሷ «የሚረባ ጠፍቶ ነው» ትላለች። ዕድሜዋን ሁሉ ከዓባይ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ኖራ ዓባይን ዓይታው አታውቅም። ስሙንም አትጠራውም፤ «ያ ውሃ» ነው የምትለው።

«ደህና ተሻገርክ?»

«እንደ አስፋልት ነው፣ እትዬ» አልኳት።

በየሳምንቱ የምሰጣት መልስ ይኸው ነው። እሷም በየሳምንቱ እንደምታደርገው ፊቴን ትንሽ ቆየት ብላ አየችና ራት ልታቀርብ ገባች።

ረቡዕ ብቻዬን ወደ ወንዙ ወረድኩ። አይሱዙው እስከሚደርስበት ሄጄ ቀሪውን አንድ ሰዓት በእግሬ፣ ጋቢዬን አውልቄ ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ ቆላው እየሞቀኝ። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ከወንዙ በሚስበው ውሃ ስለሆነ መጀመሪያ የመሳቢያውን ወንፊት ፈታሁ፤ አሸዋ ሞልቶታል። በቃ፣ አገኘሁት አልኩ። ጠረግኩት። ለማንኛውም ብዬ ደግሞ የሚኒሞዋን ብሎን ትንሽ አጠበቅኩ፣ ዙሩ ከፍ እንዲል። ይህ ጥገና አይደለም፤ ትኩሳት ላለው ሰው ብርድ ልብስ መደረብ ነው። አውቄ ነው ያደረግኩት፣ ስለፈራሁ።

ቅዳሜ አልጠፋም፣ ግን ተንቀጠቀጠ። መውረጃው ላይ እነዚያ ዘለል ዘለል የሚሉ ምቶች ሲመጡ የሰዉን ፊት ማየት ስላልቻልኩ ዓይኔን ጨፍኜ ቆጠርኩ። ገመዱ ሲያዝ ሃያ ሰባት ላይ ደርሼ ነበር። በማግሥቱ ለምን እንደማልበላ እህቴ ስትጠይቀኝ ጥርሴን አሞኛል አልኳት።

በሚቀጥለው ረቡዕ በደንብ ያዝኩት። ሞተሩን አስነስቼ ወደ እያንዳንዱ ፒስተን ነፍጣ የሚወስደውን ቧንቧ በየተራ አላላሁ። አንዱን ስታላላ ድምፁ ካልተለወጠ የታመመው እሱ ነው ማለት ነው። ሁለቱም እኩል ተለወጡ። ስለዚህ በሽታው የአንዱ ብቻ አልነበረም፤ ሁለቱም ከሚጠጡት ነገር ነው የመጣው። የፊልትሮውን ብርጭቆ ፈትቼ ወደ ፀሐይ አነሳሁት። ከቢጫው ነፍጣ ሥር ባቄላ የምታህል ጥርት ያለች ነገር ተቀምጣ ታበራለች። በጣቴ ነካኋት። ውሃ ነው።

ነፍጣ ላይ ውሃ ካለ የሚያሳብቀው ሚኒሞው ነው። ጋዝ ላይ ሞተሩ እያጓራ ይውጠዋል፤ ዝቅ ሲል ግን ያንቀዋል። አፈሰስኩ፣ አየሩን አስወጣሁ፣ አስነሳሁት። እንደ ልብስ ስፌት መኪና ወጥ ሆኖ ዞረ። ደረቅ መሬት የረገጥኩ ያህል ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን ወዲያው ወደ ንዴት ዞረ፤ ምክንያቱም ውሃውን ማን እንደጨመረው አውቄያለሁ ብዬ ነበር።

ዓርብ ጠዋት በበርሜል ነፍጣ የሚሸጥልኝ ሰው ሱቅ ገባሁና ሰላምታ ሳልሰጥ «ውሃ ነው የምትሸጠው!» ብዬ ጮህኩበት። መንገደኛ ቆመ። ሰውየው ረጋ ያለ ነው። «ወላሂ፣ ከበርሜሌ ውሃ አልወጣም» አለና አንድ የማር ብልቃጥ ሙሉ ነፍጣ ቀድቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። «እዚህ ይደር። ነገ መጥተህ ከሥሩ ጠብታ ውሃ ካገኘህ ሱቄን እዘጋለሁ።» እኔ ደግሞ ንዴቴ አንዴ ከተነሳ በማስረጃ አይበርድም። ብልቃጡን ለማየት አልተመለስኩም። ከሌላ ሰው ገዛሁ፣ እንደ ወትሮው ቢጫውን ጀሪካን ቤታችን ጓሮ፣ ከበሩ ጀርባ አሳድሬ፣ ቅዳሜ ሳይነጋ ይዤ ወረድኩ።

ስለዚያ ቅዳሜ ማውራት አልወድም። ሃያ ሁለት ሰው ነበር። አንዲት እናት ሕፃን አዝላለች። ጋዙን ስለቅ ሞተሩ እንደ በፊቱ እንኳ አልታገለም፤ ሁለት ጊዜ አንኳኳና ዝም አለ። የሾላውን ሥር አልፈነው ነበር። ሼኽዬ ሽመሉን ቢሰዱት ወለሉን አላገኘም። መንጋጋው እየጎላ ይመጣል፤ ነጭ አረፋው ከቋጥኙ ላይ ሲረጭ ይታየኛል። ሼኽዬ «አዙር! አዙር አንተ ልጅ!» ይላሉ።

እጀታው እጄ ላይ ነበር። ማዞር ብቻ ነው የቀረኝ። እጄ እምቢ አለ። እምቢ ያለው ሞተሩ አይደለም፣ እኔ ነኝ። እጀታውን ጨብጬ ቁጭ አልኩ፣ ዓይኔን መንጋጋው ላይ ተክዬ፤ ሰዎቹ የሚጮኹት ከሌላ አገር ይመስል ነበር። የሕፃኑ እናት ኮሌታዬን ይዛ ስትነቀንቀኝ ይሰማኛል፤ ግን አልነቃሁም።

ያዳነን አሸዋ ነው። ክረምቱ አምጥቶ የከመረው የአሸዋ ጉብታ ላይ ሆዷ ተቀረቀረና ቆመች፣ ከመንጋጋው አርባ እርምጃ ሲቀራት። ሰው ወገቡ ድረስ ውሃ ገብቶ፣ እየተያያዘ ወጣ። ማንም አልሞተም። አንዲት ፍየል ሄደች። የፊልትሮውን ብርጭቆ ስፈታ ከሥር ያለው ውሃ እንደ በፊቱ ባቄላ የሚያህል ብቻ አልነበረም፤ ግማሹን ሞልቶታል።

ሁሉም ከሄደ በኋላ ሼኽዬ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ስለ እጄ ምንም አልተናገሩም። «ልጄ» አሉ፣ «የሚመጣው ቅዳሜ ሞተሩ ይድናል ካልክ እንሻገራለን። ካልዳነ ጀልባዋን እንሸጣለን። እኔ በዚህ ዕድሜዬ የሰው ነፍስ ተሸክሜ አላህ ፊት አልቀርብም።» እሺ አልኳቸው። ማታ ቤት ስገባ «እንደ አስፋልት ነው፣ እትዬ» አላልኳትም። ራሴን ነቀነቅኩና ተኛሁ።

ሳምንቱን ሙሉ ውሃ የሚገባበትን ቀዳዳ ስፈልግ ሰነበትኩ። የነፍጣውን ጋን ፈትቼ በሳሙና አረፋ ፈተሽኩ፤ አያፈስም። የክዳኑን ጎማ ከአሮጌ የመኪና ካላማዳሪ ቆርጬ አዲስ ሠራሁለት። ማታ ማታ እንቅልፍ አልነበረኝም፤ ትንሽ ሸለብ ሲያደርገኝ ያ ነጭ አረፋ ይመጣል። ዓርብ ነፍጣ ከሦስተኛ ሰው ገዝቼ ጓሮ አስቀመጥኩና አዲስ ፊልትሮ ልገዛ ወጣሁ። ሱቁ ዝግ ነበር፤ ባለሱቁ ጁምዓ ሄዷል። ሌላ ቀን ቢሆን እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀምጬ እጠብቀው ነበር። ያን ቀን መቀመጥ ስላልቻልኩ ወደ ቤት ተመለስኩ። ቀትር ነበር።

እህቴ ጓሮ ጀሪካኑ አጠገብ ተንበርክካለች። ክዳኑ ተከፍቷል። በግራ እጇ የላስቲክ ጠርሙስ፣ በቀኝ እጇ የሻይ ብርጭቆ ይዛለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ከጠርሙሱ ወደ ብርጭቆው ሞላች፣ አማተበች፣ ከብርጭቆው ወደ ጀሪካኑ አንቆረቆረች። እንደገና ወደ ብርጭቆው መሙላት ስትጀምር ደርሼ እጇን ያዝኩ።

«ጠበል ነው!» አለችኝ ደንግጣ፣ ሌባ የያዛት ይመስል። «ልቀቀኝ፣ ይፈሳል!»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከመስከረም። ጎረቤታችን በጀሪካን ሲሻገር ውሃ ስለወሰደው ሰው ካወራችልኝ ጀምሮ፣ በየሳምንቱ ዓርብ ከደብሩ አመጣለሁ።»

«ስንት? ስንት ነው የምትጨምሪው?»

«መጀመሪያ ግማሽ ብርጭቆ ነበር» አለች። «ከዚያ ፊትህ እየተለወጠ መጣ። የዚያን ጊዜ አንድ አደረግኩት። መብላት ስታቆም ሁለት። አሁን ደግሞ ሌሊት መጮህ ጀመርክ፤ ሦስት ላደርገው ነበር።»

እኔ ስፈራ እሷ ትጨምራለች፤ እሷ ስትጨምር ሞተሩ ይጠፋል፤ ሞተሩ ሲጠፋ እኔ እፈራለሁ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ሁለታችን አንድ ቤት ውስጥ ሆነን ሳንነጋገር እየተረዳዳን ወደ መንጋጋው ስንገፋ ኖረናል። ይህን በእርጋታ ያሰብኩት ግን ዛሬ ነው። ያን ቀን ያደረግኩት መጮህ ነው።

«ልትገድይኝ ነበር! እኔን ብቻ አይደለም፣ ሃያ ሁለት ሰው! ሕፃን ነበረበት! ያንቺ ውሃ ነው ሞተሩን የሚያጠፋው!»

ጠርሙሱን መሬት አስቀመጠች። ከዚያ በዝግታ «ታዲያ ማን መለሰህ?» አለች። «በየሳምንቱ ማን ነው የመለሰህ?»

ንዴቴ መቆሚያ አጥቶ ስለነበር የሻይ ብርጭቆውን ነጥቄ ከጀሪካኑ ነፍጣ ቀዳሁበት፣ ከጠርሙሷም ጨመርኩበት፣ ፊቷ አስቀመጥኩት። ጠበሉ ወርዶ ከሥር ተቀመጠ፣ ነፍጣው ከላይ ተንሳፈፈ፣ መሀላቸው መስመር ተሠራ። ሞተሩ የሚስበው ከሥር ነው አልኳት። ሚኒሞ ላይ ሲደርስ ያንቀዋል፣ ከዚያ ይጠፋል፣ ከዚያ ውሃው ይወስደናል። እህቴ ብርጭቆውን ለረዥም ጊዜ አየች። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። ገብቷታል። ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ፤ ያመማት መሆኑ ደስ አለኝ። እስከ ዛሬ የማፍረው በዚያች አፍታ ነው።

«ትፈራለህ?» ብላ ጠየቀችኝ በመጨረሻ።

«አልፈራም» አልኩ።

«እንግዲያው ነገ እኔም እሄዳለሁ።»

ልከለክላት ሞከርኩ። ቆላው ይሞቅሻል፣ ትንኝ አለ፣ የእግር መንገዱ ቁልቁለት ነው አልኳት። «አንተን ካልገደለህ እኔንም አይገድለኝም» አለች። የሷን ቃል የሚመልስ ሰው በዚያ ቤት ተወልዶ አያውቅም። ቅዳሜ ሳይነጋ አዲስ ነፍጣ ይዘን አይሱዙው ላይ ወጣን። ዓባይን መጀመሪያ ያየችው ከመጨረሻው ኩርባ ላይ ስንወርድ ነው። ቆመች። «በኔ ሐሳብ እንዲህ አልነበረም» አለች፤ ይበልጣል ወይ ያንሳል ማለቷ እንደሆነ ግን አልጠየቅኳትም።

ሰው ከመሳፈሩ በፊት ጋኑን እስከ መጨረሻው አፈሰስነው፣ በንጹሕ ነፍጣ አጠብነው፣ ሞላነው፣ አየሩን አስወጣሁ። ሥራዬን እየሠራሁ ነገሩን ለሼኽዬ ነገርኳቸው። እህቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ መሬት መሬቱን ታያለች። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ሼኽዬ ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና ወደሷ ዞሩ።

«አብሽሪ፣ የኔ እህት» አሏት። «እኔም መሪው ሥር ክታብ አስሬበታለሁ። የኔው ግን ደረቅ ነው።»

እህቴ በሳምንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም። ዳር ላይ ቆሞ ሚኒሞ ላይ የሚዞር ሞተር ዓባይ መሀል ምን እንደሚያደርግ ማንም አያውቅም። ያለፈው ሳምንት ወሬ ተዳርሶ ስለነበር የመጣው ሰው ዘጠኝ ብቻ ነበር። እህቴን የሞተሩ ሳጥን አጠገብ፣ ከኔ ጎን አስቀመጥኳት። በነጠላዋ ተሸፋፍና ጉልበቷን አቀፈች። ዳር ዳሩን ሽቅብ ወጣን፣ ዞርን፣ ወንዙ ተቀበለን። ውሃው ከጎን ሲመታን እህቴ «መድኃኔዓለም፣ መድኃኔዓለም» ትላለች፣ ከኋላ ሼኽዬ የራሳቸውን ይላሉ። እኔ ዓይኔን ከጋዙ ዘንግ ላይ አላነሳሁም።

መውረጃው ቀረበ። ጋዙን የምለቅበት ቦታ ደረሰ። አለፈ።

«ቀንስ!» አሉ ሼኽዬ።

እጄ የጋዙን ዘንግ እንደጨበጠ ቀረ። ከለቀቅኩት ይጠፋል። ሞተሩ እንደዳነ በጆሮዬ አውቃለሁ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩበት ሥራ ነው፤ እጄ ግን ያለፈው ቅዳሜ ላይ ነው ያለው። የጎጃም ድንጋዮች በሙሉ ጋዝ ወደኛ ይመጣሉ።

«ቀንስ አንተ! ልትሰብረን ነው!»

የዚያን ጊዜ አንድ እጅ እጄ ላይ አረፈ። የእህቴ እጅ ነው። ዘንጉ ወዴት እንደሚሄድ አታውቅም፤ ብቻ ሼኽዬ ቀንስ ሲሉ ሰምታለች፣ እኔ እንዳልቀነስኩ አይታለች። የኔን እጅ ከነዘንጉ ይዛ፣ ልጅ ሳለሁ እጄን ይዛ መንገድ እንደምታሻግረኝ፣ ቀስ አድርጋ ወደ ታች ገፋችው። ድምፁ ወረደ። ወረደ። የወንዙ ጩኸት ገባ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ከጩኸቱ ሥር ግን ወጥ የሆነ፣ አንድም ሳይዘልል የሚመታ ቀጭን ምት ነበር። ሼኽዬ ገመዱን ወረወሩ። ዳር ያሉት ያዙት። ጀልባዋ ድንጋዩን በቀስታ ነካችና ቆመች። ሰዎቹ እርስ በርስ እየተጠራሩ መውረድ ጀመሩ።

እህቴ አልተነሳችም። እጇ አሁንም እጄ ላይ ነው። ጎንበስ ብላ እንደምታዳምጥ ሆነችና ፊቷ በድንጋጤ ተለወጠ።

«አልዳነም» አለችኝ በሹክሹክታ። «አሁንም ይንቀጠቀጣል፣ ይኸው ይሰማኛል።»

ሞተሩን አየሁት። የእንጨቱ ሳጥን ላይ አንድ ሰው ረስቶት የወረደው ኩባያ አለ፤ ውስጡ ያለው ውሃ እንኳ ብዙም አይነቃነቅም።

«ሞተሩ አይደለም፣ እትዬ» አልኳት። «እኔ ነኝ።»

እጇን አላነሳችም።